የኮፒ ዲስኮቼን አልጥልም

ባለፈው መስከረም አንድ ጓደኛዬ ለግሸን ማርያም ንግሥ ከአዲስ አበባ መጥቶ ደሴ እኛ ቤት አደረ። እሱም እንደኔ የድሮ ቪዲዮ ጌም ይሰበስባል። እራት በልተን ቡና ከጠጣን በኋላ መደርደሪያዬን ላሳየው ወደ ጓዳ ገባን። ኦርጅናል ዲስኮቹን አንድ በአንድ እያወጣ አየ። ሳጥናቸውን ከፈተ፣ መመሪያቸውን ገለጠ፣ ጀርባቸውን ወደ አምፖሉ አዙሮ ጭረት ፈለገ። እንደዚያ ተጠንቅቆ ሲይዛቸው ደስ አለኝ። ከዚያ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ደረሰ። እዚያ ያሉት በማርከር የተጻፈባቸው፣ በወረቀትና በፌስታል የተጠቀለሉ ዲስኮች ናቸው። ከላይኞቹ በቁጥር ይበልጣሉ። ጎንበስ ብሎ ሁለት ሦስቱን አነሣና መልሶ አስቀመጣቸው።

«ይሄ ሁሉ እኮ ኮፒ ነው» አለኝ። «ለምን ቦታ ታስይዛለህ? ጥለህ አትገላገልም?»

ክፉ አስቦ አይደለም፤ እኔም አልተቀየምኩትም። ግን የምመልስለት አጣሁ። በነጋታው ማልዶ ወደ ግሸን ሄደ። ጥያቄው ግን አልሄደልኝም። ሥራ ላይም ባጃጅ ውስጥም ይመላለስብኛል። ያን ቀን ማታ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

በሰብሳቢ ሚዛን ካየነው ጓደኛዬ ልክ ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ከፋብሪካ የወጣውን ዲስክ ከነሳጥኑ፣ ከነመመሪያው ነው። ኮፒ ዋጋ የለውም። ባዶ ዲስክና ኮምፒዩተር ያለው ሰው ዛሬ ማታ ሊሠራው ይችላል። ግን ይህን ሚዛን ይዘን ወሎን ብንዞር ምን እናገኛለን? እኔ በልጅነቴ ኦርጅናል ዲስክ በእጁ የያዘ ልጅ አላየሁም። ደሴ ውስጥ ሆጤ ሰፈርም፣ ፒያሳም፣ ቧንቧ ውሃም የተጫወትነው በኮፒ ነው። ኮፒውን ጥለን ኦርጅናሉን ብቻ ካስቀመጥን፣ ያስቀመጥነው የሌላ አገር ልጆች የተጫወቱበትን ነው። የኛ ልጆች ጣት ያረፈበት ይጠፋል።

ከጂዳ የመጣው ካሴት

ለኔ ነገሩ የጀመረው በዲስክ ሳይሆን በካሴት ነው። ወሎ ውስጥ አረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ብዙ አይደለም። አክስቴ ጂዳ ሠርታ ስትመለስ ከብርድ ልብሱና ከሽቶው ጋር በቴሌቪዥን የሚሠራ ጌም ይዛልን መጣች። የማን ሥራ እንደሆነ ያኔ አናውቅም፤ ግድም አልነበረንም። በኋላ ነው የገባኝ፤ ኒንቴንዶ በ1983 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ያወጣው የፋሚኮም ማሽን ቅጂ ነበር። እውነተኛውን ፋሚኮም ደሴ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ቅጂው ግን ስንቱ ቤት ገብቷል!

ማሽኑ ላይ የሚሰካው፣ ጌሞቹ ያሉበት ካሴት ቢጫ ነው። ላዩ ላይ 9999 ጌም አለው የሚል ተለጥፎበታል። ውስጡ ያሉት ግን ጥቂት ናቸው፤ ዝርዝሩ እነሱኑ በሌላ ስም እየደጋገመ ይቀጥላል። ታንኩ፣ ማሪዮ፣ ኮንትራ፣ የዳክዬ አደኑ። ካደግሁ በኋላ ቪቴዎቹን ፈትቼ ከፈትኩት። ትንሽ አረንጓዴ ቦርድ፣ መሐሉ ላይ እንደ ቀለጠ ሬንጅ ጠብ ያለ ጥቁር ጉብታ። ጉብታው ቺፑን የሸፈነ ሙጫ ነው። ቺፑን ለብቻው በፕላስቲክ አሽጎ ከመበየድ ይልቅ በቀጥታ ቦርዱ ላይ አስቀምጦ ሙጫ ማፍሰስ በጣም ይረክሳል። ካሴቱ እኛ አቅም ድረስ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። ክፉ ጎኑ፣ ቺፑ ከተበላሸ ነቅሎ መተካት አይቻልም። ጌሙም ከቦርዱ ጋር አብሮ ያበቃል።

አልሠራ ሲለን አውጥተን እፍ እንልበት ነበር። የሚገርመው፣ ማንም ሳያስተምረው በየአገሩ ያለ ልጅ ሁሉ ይህንኑ ያደርግ ነበር። የሚሠራው ግን እፍታው አይደለም። ካሴቱ ወጥቶ ሲገባ ጥርሶቹ እንደገና ስለሚገጥሙ ነው። ከአፋችን የሚወጣው እርጥበት እንዲያውም ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። አሁን በጥጥና በንጹሕ አልኮል ነው የምጠርጋቸው፤ ሲደርቁ ነው የምከታቸው።

የዳክዬው ሽጉጥም አለኝ። ምላጩን ስትስቡ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬው ያለበት ቦታ ብቻ ነጭ ይሆናል። ሽጉጡ ያን ነጭ ብርሃን በሰዓቱ ካየ መታችሁ ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ጀርባው በተነፋው የድሮ ቴሌቪዥን ብቻ ነው። በዘንድሮው ጠፍጣፋ ስክሪን ምስሉ ትንሽ ስለሚዘገይና አሣሣሉም ሌላ ስለሆነ ሽጉጡ ይታወራል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ከጓዳዬ አይወጣም። ይከብዳል፣ ቦታ ይይዛል፤ ግን ያለሱ ሽጉጡ ባዶ ፕላስቲክ ነው። ጌም ማስቀመጥ ማለት ካሴቱን ብቻ ማስቀመጥ እንዳልሆነ ያወቅሁት በዚህ ሽጉጥ ነው።

ተሸናፊ ይከፍላል

ቀጥሎ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፕሌይስቴሽን ቤት። የቆርቆሮ በር፣ በሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተጫዋቾች ፖስተር። የሚከፈለው በጨዋታ ነው፣ የሚከፍለው ደግሞ ተሸናፊ። ጎበዝ ልጅ አምስት ሳንቲም ሳይዝ ገብቶ እስኪመሽ ይጫወታል። የኛን ጌም ቤት ባለቤት ሁላችንም «አያ» ነበር የምንለው። ስሙን አልጽፍም፤ ሰውየው ዛሬም ደሴ አለ፣ ሌላ ሥራ ይዟል።

ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን ያወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ወሎ የገቡት ማሽኖች ሲሸጡ ሲለወጡ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ቺፕ ገብቶለታል?» ምክንያቱም ማሽኑ ኮፒ እንዳያነብ ተደርጎ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዲስክ መነሻ ላይ ሆን ተብሎ የተሠራ ጥቃቅን መወላገድ አለ። ማሽኑ እሱን አንብቦ ነው ዲስኩን የሚቀበለው። ቤት ውስጥ በኮምፒዩተር የሚቀዳ («በርን» የሚደረግ) ዲስክ ይህን መወላገድ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ማሽኑ ውስጥ ትንሽ ቺፕ ይበየዳል፤ ማሽኑ ሲጠይቅ ቺፑ ዲስኩን ወክሎ ይመልሳል። ፕሌይስቴሽን 2 ላይ አሠራሩ ተለውጧል፤ የቺፑ ጉዳይ ግን ያው ነው። ይህን ሥራ በሚገባ የሚችል ልጅ ከተማው ውስጥ ይከበር ነበር። ካቻቪቴና የብየዳ ብረቱን ይዞ ሲገባ ጨዋታ ቆሞ ሁሉም ይከበዋል።

አንድ ነገር መሸፋፈን አልፈልግም። ጌሞቹን የሠሩት ሰዎች ከእኛ ምንም አላገኙም። ይህ ያሳስበኛል። ኦርጅናሉን የሚሸጥልን ሱቅ አልነበረም፤ ቢኖርም አያ በጨዋታ በጨዋታ ከሚለቅማት ገንዘብ የሚገዛው አልነበረም። ዛሬ አቅሜ ሲፈቅድ ኦርጅናሉን እየፈለግሁ የምገዛው ለዚህ ነው። ከስብስቤ አንድም ዲስክ አባዝቼ ሸጬ አላውቅም፣ አልሸጥምም። የኮፒዎቹን መኖር ግን መካድ አልችልም። ያደግነው በነሱ ነው።

ማዳበሪያው

ስማርት ስልክ ሲበዛ ጌም ቤቱ ሰው ቀነሰ። አያ መጀመሪያ አንዱን ማሽን ሸጠ፣ ቀጥሎ ሌላውን። በመጨረሻ ቤቱን ሊያስረክብ ሲያጸዳ ደወለልኝ።

«አንተ ይሄን ነገር ትወዳለህ አሉ። ና ውሰደው፤ አለበለዚያ ልጆቹ ሊያቃጥሉት ነው።»

አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ዲስክ፣ ገመዳቸው የተጠጋገነ ጆይስቲኮች፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ሜሞሪ ካርድ፤ ተጫዋቹ የሠራው ሁሉ የሚቀመጥበት። ብር ልስጥህ ብለው ተቆጣኝ። ቤት ወስጄ ወለሉ ላይ ዘረገፍኩትና መለየት ጀመርኩ። የሚቀመጠው ወደዚህ፣ የሚጣለው ወደዚያ።

የሚጣለው ክምር ማደግ ሲጀምር ጽሑፎቹን ማንበብ ያዝኩ። «ዊኒንግ አዲሱ»፤ ዊኒንግ የምንለው የእግር ኳሱን ጌም ነው። «ዊኒንግ በጣም አዲሱ»። «ዊኒንግ የድሮው አዲሱ»። «ሳን አንድሪያስ፣ ይሄ አይቆራርጥም»። «ቴክን፣ ሀንግ ያደርጋል፣ ቀስ ብለህ አስገባ»። አንዱ ላይ በቀይ ማርከር «አይከራይም!» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። አንዳንዱ በጥርስ ሳሙና ከመታሸቱ የተነሣ ጀርባው ጭጋግ ሆኗል። ጽሕፈቱ ቢያንስ የሦስት ሰው ነው። የአያን አውቀዋለሁ፤ ትልልቅና ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። የሌሎቹ የማን ነው?

እዚያው ላይ ሜሞሪ ካርዱ ትዝ አለኝ። የፕሌይስቴሽን 2 ሜሞሪ ካርድ የሚይዘው 8 ሜጋባይት ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሣቸው ሁለት ሦስት ፎቶዎች ይሞሉታል። ማሽኔ ላይ ሰካሁትና ዝርዝሩን አየሁ፤ የዊኒንግ ፋይል አለ። በቅርብ የገዛሁት ንጹሕ ኦርጅናል ነበረኝ፤ ኮናሚ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፔስ 6፣ የአውሮፓው እትም። ከተትኩት። ጌሙ ተነሣ፤ ግን ካርዱ ላይ የሚያውቀው ፋይል እንደሌለ ነገረኝ። ደግሜ ሞከርኩ። የለም።

ምክንያቱን ለማወቅ ትንሽ ማሰብ ነበረብኝ። ያ ጌም በየአካባቢው በየስሙ ነው የወጣው። አውሮፓ ውስጥ ፔስ 6 የተባለው አሜሪካ ውስጥ ዊኒንግ ኢለቨን 2007 ነው። እያንዳንዱ እትም ካርዱ ላይ የሚጽፈው በራሱ መለያ ነው፤ አንዱ የሌላውን አይከፍትም። ስለዚህ ወደሚጣለው ክምር ተመለስኩ። ዊኒንግ የሚሉትን አንድ በአንድ እየከተትኩ ሞከርኩ። አንዱ ጨርሶ አልተነበበም። አንዱ መግቢያው ላይ ቆመ። «የድሮው አዲሱ» ሌንሱን ብዙ አንጫጫው፣ ከዚያ ተነሣ። ካርዱን አነበበው።

ከቡድኖቹ መሐል «ሆጤ» የሚል ቡድን አለ።

ጌሙ የኛን ፊደል አያውቅም፤ በላቲን ፊደል ነው የጻፉት። አሰላለፉን ከፈትኩ። አቡሽ፣ ቀጮ፣ ሸምሱ፣ ጎራው፣ ማሙሽ፣ ዶክተር። ሁሉም የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ ከእኛ ትንሽ የሚያንሱት። የአንዱን ገጽ ከፈትኩ። አቡሽ አጥቂ ነው፣ ፍጥነቱ 99፣ ምቱ 99፣ ቁመቱ 190 ሴንቲ ሜትር። አቡሽን የምታውቁት ይህን ቁመት ታውቃላችሁ። ቀጮን ነጭ ጫማ አድርገውለታል። ጎራው በእውነትም ግራኝ ነበር፤ ጌሙም ላይ በግራ እግሩ ነው የሚመታው። በረኛው ማሙሽ ብቻ ቁጥሩ አልተነካም፤ ጌሙ የሰጠውን እንደያዘ ነው። ወረድ ብዬ ተቀያሪዎቹን ሳይ አያን አገኘሁት። ወንበር ላይ አስቀምጠውታል፣ አካላዊ ብርታቱን ግን 99 አድርገውለታል።

ይህን ለመሥራት ምን ያህል እንደሚፈጅ የሞከረው ያውቀዋል። ፊደል በፊደል በጆይስቲክ እየመረጡ፣ ቁጥር በቁጥር እየጨመሩ፣ አንድ ተጫዋች ብቻ ስንት ደቂቃ ይበላል። ያን ሁሉ ሰዓት ማን ከፈለ? ደውዬ አያን ጠየቅሁት። ማታ ማታ ከዘጋ በኋላ ልጆቹን በነጻ ያስቀምጣቸው ነበር። «ቤታቸው ቢሄዱ መብራት የለ፤ እዚህ ቢያመሹ ይሻላል ብዬ ነው» አለኝ።

የዝርዝሩን ስም በስልክ አነበብኩለት። አቡሽ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል። ዶክተር በእውነት ጤና ተማረ። ሸምሱ ሳዑዲ ነው። ጎራው በየመን በኩል ሊሻገር ወጥቶ ወሬው አልተሰማም፤ እናቱ አሁንም ትጠብቃለች። ጎራው ጋ ሲደርስ አያ ዝም አለ፣ እኔም ቀጣዩን ስም ቶሎ አነበብኩ።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ ወላጆቻችን። ከዚያ ዕለት ማታ ጀምሮ የሚጣል የሚባል ክምር መኖሩ ቀረ። ካርዱ ያለ ዲስኩ አይከፈትም። የሚከፍተው ዲስክ ደግሞ ኮፒው ነው፤ ያውም የተወሰነው ኮፒ። የአውሮፓውን ኦርጅናል በመቶ ሣጥን ብገዛ ሆጤን አያሳየኝም። ሰብሳቢዎች ኮፒ ሁሉ አንድ ነው የሚሉት አንዱን ከሌላው የሚለየውን ነገር ስላላዩ ይመስለኛል። የትኛው እትም ወደየትኛው ከተማ እንደገባ፣ በማን እጅ እንደተባዛ፣ የትኛው ካርድ ከየትኛው ዲስክ ጋር እንደሚሄድ የተጻፈ ነገር የለም። ያለው እነዚህ ዲስኮች ላይ ነው።

ከአያያዝ ይቀደዳል

ችግሩ ኮፒ ቶሎ መሞቱ ነው። ይህን በደንብ ልናገር፤ ብዙ ሰው ዲስክ ሁሉ አንድ ይመስለዋል።

የፋብሪካ ዲስክ ላይ መረጃው ፕላስቲኩ ላይ በማተሚያ የተረገጠ ጥቃቅን ጉድጓድ ነው። ላዩ በስስ አሉሚኒየም ይለበጣል። አሉሚኒየሙ አየር ካላገኘው ብዙ ዘመን ይቆያል። በርን የተደረገ ዲስክ ውስጥ ግን የተረገጠ ነገር የለም። ያለው ቀለም ነው። ሌዘሩ ቀለሙን በሙቀት እየለወጠ ይጽፋል። በሙቀትና በብርሃን የተጻፈውን ሙቀትና ብርሃን መልሰው ያደበዝዙታል። ርካሽ ባዶ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ቀድሞም ደካማ ነው። እኛ ጋ የመጣው አብዛኛው ርካሹ ነው። የወሎ ልጆች የጌም ታሪክ የተጻፈው በሚለቅ ቀለም ነው ማለት ነው፤ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይሄ ነው።

ሲዲ ላይ ሌላም አለ። ሰው የሚሳሳው ለሚያበራው ጀርባ ነው። እዚያ በኩል ከመረጃው በፊት ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፕላስቲክ አለ፤ ቀላል ጭረት በአብዛኛው አያስቀረውም። አደጋው ጽሑፉ ያለበት ፊት ነው። እዚያ አንጸባራቂውን የሸፈነው ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። እስክሪብቶ ጫን ብሎ የጻፈበት፣ የተለጠፈ ወረቀት የተላጠበት ዲስክ መረጃውም አብሮ ተልጧል። ወደ አምፖል አንሥታችሁ ብታዩት ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ዲቪዲ ከዚህ ይሻላል፤ መረጃው በሁለት ፕላስቲክ መሐል ነው የተጣበቀው። ከአያያዝ ይቀደዳል የተባለው ለዲስክ የተተረተ አይደለም፣ ግን ይገጥመዋል።

ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ብርዱ ለዲስክ ጥሩ ነው። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅብን ግን ወረቀቱ ሁሉ ይረጥባል፣ ፖስታው ሻጋታ ያወጣል። ስለዚህ የወረቀት ከረጢቶቹን በፕላስቲክ ቀይሬያለሁ። አሮጌዎቹን ከረጢቶች ጽሑፍ ስላለባቸው ለብቻ አድርቄ አኑሬአለሁ። ዲስኮቹ ይቆማሉ እንጂ አይደራረቡም። ከውጭ ግድግዳ ራቅ ብለው፣ መስኮት በማያገኛቸው ጥግ፣ ከጫማ ሳጥን ውስጥ በሰበሰብኳት እርጥበት መጣጭ ጋር። የምጠርጋቸው ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ነው፤ ዙሪያውን ማሸት ጭረቱን በመረጃው መስመር ላይ ያስተኛዋል። የጥርስ ሳሙና አይነካቸውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚነበበውን ዛሬ መገልበጥ ይበልጣል። የእያንዳንዱን ዲስክ ሙሉ ምስል ወደ ሃርድ ዲስክ አወጣለሁ፤ ፋይሉ ሳይነካ መቆየቱን የሚያረጋግጥ ቁጥርም አብሮ ይመዘገባል። ካርዱንም እንዲሁ። ፕሌይስቴሽን 2 ከፊቱ ሁለት የዩኤስቢ መሰኪያ ስላለው በትንሽ ፕሮግራም ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። የዲስኩን ፊት ፎቶ አነሣለሁ፣ ማርከሩ ሳይጠፋ። ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ነው። ለምን ኮምቦልቻ እንደሆነ ደግሞ ምክንያት አለው።

የተወሰደውና የቀረው

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደ ብዙው ሰው እኛም ወጣን። እናቴ መታወቂያዎቹንና የቤቱን ካርታ በፌስታል ጠቅልላ ስትይዝ ሜሞሪ ካርዱን አብራ እንድታስገባልኝ ሰጠኋት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ስንመለስ ቤቱ ተከፍቷል። ማሽኑና ቴሌቪዥኑ የሉም። ሳጥን ያላቸው ኦርጅናሎች፣ ደህና ዕቃ የሚመስለው ሁሉ ሄዷል። ኮፒዎቹ ወለሉ ላይ ተበትነው ተገኙ። የተረገጡ አሉ፣ የተሰነጠቁ አሉ። አብዛኞቹ ግን ነበሩ፤ ማንም የሚፈልጋቸው አልሆኑም። «የድሮው አዲሱ» ጫፉ ላይ ትንሽ ተፈልጧል። አሁንም ይነበባል። ያን ጊዜ የዲስኮቹ ምስል ያለበት ሃርድ ዲስክ እዚያው ጓዳ ነበርና ከማሽኑ ጋር ሄደ። ሁለተኛውን ሌላ ከተማ ማስቀመጥ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ በዚያ ጊዜ እሷም አልተረፈችም። ስለዚህ ሦስተኛው ቅጂ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ዘመኑ ሁሉንም በኢንተርኔት እያደረገው ነው፣ ዲስክ ለምን ያስፈልጋል የሚሉኝ አሉ። ክልላችን ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የጎረቤታችን ልጅ ስልክ ላይ ያሉት ጌሞች መግቢያው ላይ ቆመው ቀሩ። እኛ ቤት መጥቶ በዚያ በተፈለጠ ዲስክ ሲጫወት ሰነበተ። ሆጤን ነበር የሚመርጠው፤ እነማን እንደሆኑ አንድ በአንድ ነገርኩት።

ነገሩ የኛ ብቻም አይደለም። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶ የሚሆኑት ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። በዚያው ዓመት መጋቢት ኒንቴንዶ 3ዲኤስና ዊ ዩ የተባሉትን የጌም ማሽኖቹን የኢንተርኔት ሱቆች ለአዲስ ግዢ ዘግቷል። አሜሪካ ይህን ቆጥራ ተጨንቃለች። የወልድያ ጌም ቤቶችን ማን ቆጠረ? የሐይቅን፣ የመርሳን፣ የባቲን?

ለዚህ ነው ይህን የጻፍኩት። ቤታችሁ ኮሜዲኖ ውስጥ የዚያን ጊዜ ሜሞሪ ካርድ ወይም በማርከር የተጻፈበት ዲስክ ካለ፣ ባይሠራም እንዳትጥሉት። የተለጠፈውን ወረቀት አትላጡት፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። ካርዱ ከየትኛው ዲስክ ጋር ይሠራ እንደነበር ትዝ ካላችሁ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡት፤ ከሁሉም የሚጠፋው ይኸኛው ነው። ደሴ ብቅ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። እዚያው አጠገቤ ተቀምጣችሁ አነብላችኋለሁ፣ ቅጂውን በፍላሽ እሰጣችኋለሁ። ካርዱንና ዲስኩን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ማሙሽን የምታውቁ ደግሞ ንገሩልኝ፤ ቁጥሩ ለምን እንዳልተነካ እሱን ጠይቄ መጻፍ እፈልጋለሁ።